ሻንጣዬን ይዤ የወጣሁ ዕለት

መልኬን አይተው በእንግሊዝኛ "ከየት ነሽ?" ለሚሉኝ ሰዎች "ከየካ ሚካኤል" ብዬ በአማርኛ ስመልስላቸው ደስ ይለኛል። ይስቃሉ። "እሱማ አሁን ነው፤ መጀመሪያ ከየት?" ይላሉ። መጀመሪያማ ከዛምቢያ ነኝ። ካብዌ በምትባል የባቡር ከተማ ተወልጄ አደግሁ፣ ስሜ ቻንዳ ነው፣ ሥራዬ ሒሳብ ማስተማር ነው። የየካ ሰው መሆን የጀመርኩት ግን አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሻንጣዬን አንጠልጥዬ፣ ጎረቤቶቼን በሙሉ ልሰድብ ከክፍሌ የወጣሁ ዕለት ነው። ያንን ጠዋትና ከእሱ በፊት የነበረውን ምሽት ላጫውታችሁ።

ጊዜው ሞባይል ገና ብርቅ የነበረበት ነው። ስልክ ማለት ሳሎን ውስጥ ዳንቴል ለብሶ የሚቀመጥ ዕቃ ነበር። እኔን የአንዲት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ቀጥሮኝ ነው የመጣሁት፤ ውሌ የሁለት ዓመት ነበር። እናቴ ቀደም ብላ ስለሞተች አገር ቤት የቀሩኝ አባቴና ታላቅ ወንድሜ ሙሌንጋ ነበሩ። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የባቡር ፊሽካ ነፊ ነበር፤ ባቡሩ ይነሣ ወይም ይቁም ብሎ የሚያፏጨው ሰው። ስሸኝ አውቶቡስ ተራ ድረስ መጥቶ "ካልተመቸሽ ተመለሺ። አልጋሽን ማንም አይተኛበትም" አለኝ። ሌላ ምክር አልሰጠኝም።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አልተመቸኝም። ማንም ክፉ አልሆነብኝም፣ እንዲያውም ሁሉም ሰላም ይሉኛል። ልጆቹ እኔን የመሰለችውን ጥቁር "ፈረንጅ! ፈረንጅ!" እያሉ እስከ በር ይከተሉኛል እንጂ ድንጋይ አይወረውሩም። የተከራየሁት የእትዬ አስካለን ሰርቪስ ቤት ነው። እትዬ አስካለ ባላቸው የሞተባቸው፣ ዓርብና ረቡዕ ጾም የማያጎድሉ፣ ግቢያቸውን ሲጠርጉ የሚውሉ ሴት ናቸው። ከልጃቸው ከሰናይት ጋር ይኖራሉ፤ ሰናይት የእኔ እኩያ ናት፣ ቢሮ ጸሐፊ ሆና ትሠራለች፣ እንግሊዝኛዋም ጥሩ ነው። ሰናይትን እትዬ አስካለ ቀኑን ሙሉ ይቆጧታል። ጫማሽን እዚህ ለምን ጣልሽ፣ ለምን አመሸሽ፣ ለምን አልበላሽም። እኔን ግን አንድ ቀን እንኳ ተቆጥተውኝ አያውቁም። እኔ ባመሽ "እንኳን ደህና መጣሽ" ነው። እንግዳ መሆን ማለት ማንም የማይቆጣው ሰው መሆን እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። በዚያ ግቢ ቁጣ በሚደርሳት በሰናይት እቀና ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ስለዚህ የትምህርቱ ዘመን አጋማሽ ሲደርስ አገሬ ልመለስ ቆረጥኩ። ሐሙስ ማታ ለሰናይት ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝና "እማዬ ታዝናለች" አለች። ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ ለአባቴ ደውዬ "አልጋዬን አንጥፍልኝ" ልለው ነበር። ቀኑን ሙሉ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ የማስበው ይህንኑ ነበር።

ዓርብ ዕለት ከታክሲ ወርጄ ዳገቱን ስወጣ ልጆቹ መንገድ ላይ ኳስ ይጫወታሉ። አንዱ "ፈረ…" ብሎ ሲጀምር እናቱ ከበር ብቅ ብላ ጆሮውን ያዘችው። ልጆቹ ኳሳቸውን ይዘው ጥግ ቆሙ፣ አሳለፉኝ። ገረመኝ። ሁልጊዜ "ሚስ፣ ዛሬስ ስንት ተማሪ ጣልሽ?" እያለ የሚቀልድብኝ ባለሱቅ ዳቦውን ሰጠኝና ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። እኔም ምናልባት ልሄድ መሆኔን ሰምተው ተቀይመው ይሆናል አልኩ።

እትዬ አስካለ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ነጠላቸውን አጥብቀው ይዘዋል።

"መጣሽ ልጄ? ግቢ፣ ግቢ። ዛሬ እራት እኔ ጋ ነው።"

"እሺ እትዬ። መጀመሪያ ግን ስልክ ልደውል። ለአባቴ።"

"ስልኩ ተበላሽቷል" አሉ ቶሎ ብለው።

ሳሎን ስገባ ዳንቴሉ ጠረጴዛው ላይ ለብቻው ተዘርግቷል። ስልኩ የለም።

"የት ሄደ?"

"ሊሠራ ተወስዷል።"

ሰናይት ከጓዳ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል። ምን ሆንሽ ስላት "ጉንፋን ይዞኛል" አለች። እንግዲያው ዋናው መንገድ ላይ ካለው ስልክ ቤት ሄጄ እደውላለሁ አልኩና ቦርሳዬን አነሣሁ። ሰናይት በሩ ላይ ቆመች።

"ተዘግቷል።"

"ሰናይት፣ ፀሐይ እንኳ አልጠለቀችም።"

"ነገ አብረን እንሄዳለን። ቃል እገባልሻለሁ። ነገ።"

እናንተ የአገሩ ሰዎች ናችሁና እዚህ ላይ ስትደርሱ ነገሩ ድሮ ገብቷችኋል። ምናልባትም ከልጁ ጆሮ ጀምሮ ገብቷችኋል። እኔ ግን ምንም የማውቀው አልነበረም። የማውቀው ሒሳብ ነው፤ ያየሁትን ደመርኩና የተሳሳተ መልስ አገኘሁ። በዚያው ሳምንት አንድ ሰውዬ ከእትዬ አስካለ ጋር መጥቶ የክፍሌን ጣሪያ ሲያይ ነበር። አሁን ደግሞ በመስኮት ስመለከት ጋሽ ቶሎሳ ሌሎች ሁለት ሰዎች አስከትለው ግቢውን በእርምጃ እየለኩ ነው። ጋሽ ቶሎሳ የሠፈሩ እድር ዳኛ ናቸው። ድሮ ኮረብታው ላይ ያርሱ የነበሩ፣ በኦሮምኛ አስበው በአማርኛ የሚፈርዱ፣ ደንብ ከተባለ ወይ ፍንክች የማይሉ ረዥም ሽማግሌ። ከእኔ ጋር ዓይን ለዓይን ስንጋጠም መለካቱን ትተው አጥሩን ሲያደንቁ ቆዩ። ግልጽ ነው፤ ቤቱ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። እኔ ልሄድ ነው ስላልኩ ሳልሄድ ሊያስወጡኝ ነው።

እራት ቀረበ። እንግዲህ ይህን ስሙልኝ፦ ዓርብ ቀን፣ ከጾም ጋር ቀልድ የማያውቁት እትዬ አስካለ፣ ለእኔ ሥጋ ጠብሰዋል። እሳቸው አይበሉም፤ ትሪው አጠገብ ተቀምጠው ያጎርሱኛል። አንዱን ሳላላምጥ ሌላው ይደርሳል። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ሽንኩርቱ ነው አሉ። ሬዲዮኑ፣ በየምሽቱ የሚጮኸው ሬዲዮን፣ ጸጥ ብሏል።

"እትዬ" አልኩ፣ በዚያን ጊዜ በነበረኝ ስብርባሪ አማርኛ፤ እዚህ አሳምሬ ጻፍኩት እንጂ። "ቤቱን እንድለቅ ከፈለጉ ይንገሩኝ። እኔ አልቆጣም።"

እትዬ አስካለ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሰናይትን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ብይ ልጄ" አሉ በመጨረሻ። "እሱን ነገ እንነጋገራለን።"

ነገ። ስልኩም ነገ፣ ቤቱም ነገ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ?

ወደ ክፍሌ ስገባ ሰናይት ትራስ ይዛ ተከተለችኝ። "ዛሬ አንቺ ጋ ልደር?" አለች። በአምስት ወር ውስጥ አድርጋው አታውቅም። ልከለክላት አሰብኩ፤ ግን ሐዘን የመሰለ ነገር ፊቷ ላይ ስላየሁ ፍራሹ ላይ ጠጋ አልኩላት። ጋደም እንዳልን ጣሪያውን እያየች ጠየቀችኝ።

"አባትሽ ምን ዓይነት ሰው ናቸው?"

"እንዴት?"

"እንዲሁ። ንገሪኝ።"

ያን ሁሉ ወር ስለ አባቴ የጠየቀኝ ሰው አልነበረምና ቁጣዬን ረሳሁት። ስለ ፊሽካው ነገርኳት። ጡረታ ከወጣ በኋላ እንኳ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይውላል። ልጆች ሳለን፣ ሲመሽ ከጨዋታ ወደ ቤት የሚጠራን በእሱ ነበር፤ ለሙሌንጋ አንድ ረዥም፣ ለእኔ ሁለት አጭርና አንድ ረዥም። ሠፈሩ በሙሉ የእኔን ፉጨት ያውቀዋል፤ "ቻንዳ፣ ባቡርሽ ተጠራ" ይሉኝ ነበር። ሰናይት ሳቀችና ሳቋን ቶሎ ዋጠችው።

"ምን ይወዳሉ?"

"ማንጎ። ግቢያችን ውስጥ ያለውን ዛፍ ራሱ ነው የተከለው። ብስክሌቱንም ይወዳል። ማንንም አያስነካም፤ እኔን ብቻ ከፊቱ ላይ ያስቀምጠኛል።"

"ረዥም ናቸው? አጭር?"

"ሰናይት፣ ልታገቢው ነው እንዴ?"

ስሸኝ ያለኝን፣ የአልጋዬን ነገር ነገርኳት። "ነገ ስደውልለት 'አንጥፍልኝ' እለዋለሁ" አልኳት። ሰናይት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ያ ጉንፋን ዛሬ በርትቶባታል ብዬ ብርድ ልብሱን ሳብ አድርጌ አለበስኳት። ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ስለ አባቴ ሳወራ ነበራ ያመሸሁት።

ገና ሰማዩ ሳይነጣ የዕቃ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ሰናይት አጠገቤ የለችም። በመስኮቱ ቀዳዳ ሳይ ወንዶች የእትዬ አስካለን ሶፋ ተሸክመው ከሳሎን እያወጡ ነው። ከሶፋው ኋላ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው ኋላ ቡፌው። አንዱ በሹክሹክታ "ቀስ" ይላል። በአገሬ ለቅሶ ቤት እንደዚሁ ዕቃ እንደሚወጣ፣ ሴቶቹ ባዶ ወለል ላይ፣ ወንዶቹ ውጭ እሳት ዙሪያ እንደሚቀመጡ ከእናቴ ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። ግን ይህ በሰው አገር አልታየኝም። የታየኝ ቤት ሲለቀቅ ነው። ቀጥሎ የእኔ ተራ ነው አልኩ።

"አይነኳትም" አልኩ ስለ ሻንጣዬ። ልብሴን ጠቀጠቅሁባት፣ መጽሐፎቼን ከላይ ጣልኩ፣ በጉልበቴ ተጭኜ ዘጋኋት። ከዚያ በሩን በርግጄ ወጣሁ።

ግቢው ሰው ሞልቷል። ያ የእንጦጦ የጠዋት ብርድ አለ አይደለም፣ አጥንት የሚፈትሸው? በዚያ ብርድ ወንዶቹ ጋቢ ተከናንበው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሁሉም ወደ እኔ በር ዞረው ቆመዋል። ባለሱቁ አለ። ያ የልጁን ጆሮ የያዘችው እናት አለች። ትምህርት ቤት አብረውኝ የሚያስተምሩ ሁለት ሰዎች አሉ። ይህን ሁሉ ሕዝብ እኔን ለማስወጣት?

"እኔ ራሴ እሄዳለሁ!" ብዬ ጮኽኩ። "ሰው መሰብሰብ አያስፈልግም ነበር። አንድ ሰው ቢነግረኝ ይበቃ ነበር። እናንተ ደግ ሰዎች መስላችሁኝ!"

ጋሽ ቶሎሳ በዝግታ መጡ። ሻንጣውን ከእጄ ወስደው ከኋላቸው ላለ ሰው አቀበሉ፣ ከዚያ ባዶ የቀረውን እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት።

"ቻንዳ፣ ልጄ። አባትሽ ሞተዋል።"

ሰናይት አጠገቤ ነበረች፤ በእንግሊዝኛ ደገመችው፤ አያስፈልግም ነበር፣ ገብቶኛል። መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? "አይሆንም፣ ዛሬ ልደውልለት ነው" ነው ያልኩት። ደጋግሜ አልኩት። ሴቶቹ በአንድ ድምፅ ጮኹ፣ እትዬ አስካለ ከወገቤ ያዙኝና አብረን መሬት ላይ ተቀመጥን።

ለቅሶዬ መሐል ቁጣ መጣ። ቀና ብዬ ጠየቅሁ።

"መቼ ነው የሰማችሁት?"

"ትናንት ቀትር ላይ ወንድምሽ ደወለ" አለች ሰናይት። "ያነሣሁት እኔ ነኝ።"

"ትናንት? ትናንት ሰምታችሁ ሥጋ ታበሉኛላችሁ? ስልኩን ትደብቃላችሁ? አባቴ እኮ ነው! የእኔ ወሬ ነው፣ የእናንተ አይደለም! ትናንት ብትነግሩኝ አውሮፕላን ይዤ እደርስ ነበር!"

ጋሽ ቶሎሳ ከፊቴ ቁጢጥ አሉ። ለእሳቸው ዕድሜ ቀላል አልነበረም።

"መጀመሪያ ያልነው እሱን ነው" አሉ። "ሰናይት እያለቀሰች 'ዛሬውኑ እንንገራት፣ በአገራቸው አይደበቅም' አለች። እኔም 'የምትደርስ ከሆነ አሁኑኑ ይነገራት' አልኩ። የጎረቤታችን ልጅ ትኬት ቢሮ ነው የሚሠራው፤ ሄዶ ሲያፈላልግ ዋለ። ወደዚያ የሚሄደው አውሮፕላን ሰኞ ነው። ቀብሩ ደግሞ ዛሬ ነው። አትደርሺም ልጄ።"

የጋቢያቸውን ጫፍ ጨበጥኩ።

"እንደማትደርሺ ስናውቅ እኛም እንደ ልማዳችን አደረግን። ከነገርንሽ በኋላ ዕድሜሽን ሙሉ አባት የሌለሽ ነሽ። ከመሸ ብንነግርሽ ምን ትሠሪያለሽ? ብቻሽን ጨለማ ውስጥ ታለቅሻለሽ። አንዲት ሌሊት ደግሞ አባት ያላት ሆና ትደር አልን።"

ይህን ቃል ከሰማሁ ብዙ ዓመት ሆነኝ። አሁንም ስጽፈው እጄ ይቆማል። ሰናይት አጠገብ ተኝቼ ስለ ማንጎው ዛፍ ሳወራ፣ ስስቅ፣ አባቴ በእኔ ዘንድ በሕይወት ነበር። ያቺን ሌሊት እነሱ ናቸው የሰጡኝ። እነሱ ግን አልተኙም፤ ድንኳን ሲያመጡ፣ ወንበር ሲለምኑ፣ ስቀው ሊያሳልፉኝ እያቃታቸው አምሽተው ነው ያደሩት።

ፀሐይ ስትወጣ ድንኳኑ ቆሞ ነበር፤ ጋሽ ቶሎሳ በእርምጃ ሲለኩት የነበረው ቦታ ላይ። ጣሪያዬን ያየው ሰውዬ ደግሞ ለካ ፍሳሽ ሊደፍን የመጣ ነበር። የእድር ድንኳን ለአባል ብቻ እንደሆነ አውቃለሁና በኋላ ጠየቅኋቸው፤ ደንብ ለምን ጣሱ ብዬ። ቅር አላቸው። "እኔ ደንብ አልጣስኩም" አሉ። "አስካለ አባል ናት። ከአባል ቤተሰብ የሞተ እንደሆነ ድንኳን ይወጣል ይላል። 'ቤተሰብሽ ናት ወይ?' ብዬ በጉባኤ ፊት ጠየቅኋት። 'ልጄ ናት' አለች። አበቃ።" ባዶው ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ተነጥፎ እኔ መሐል ተቀመጥኩ። ስልኩም ከእትዬ አስካለ አልጋ ሥር፣ በአሮጌ ጋቢ ተጠቅልሎ፣ ወጣ።

ከዚያ አንዲት አሮጊት መጥተው ከፊቴ ቆሙ። እማማ ትርፌ ናቸው። ከጥቂት ወራት በፊት ባላቸው ሲሞቱ፣ እኔ ማንንም ሳላውቅ፣ በአገሬ እንደሚደረገው ከሴቶቹ ጋር ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ውዬ፣ ብርጭቆ አጥቤ ተመልሼ ነበር። ማንም ያየኝ አልመሰለኝም። እማማ ትርፌ አስለቃሽ ናቸው፤ ሙሾ ያወጣሉ። ደረታቸውን ያዝ አድርገው በዚያ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ ጀመሩ፦

"ፉጨቱ ሲሰማ ባቡር የሚያስቆመው፣
ዛሬ ማን ጠራና እሱን አስቀደመው።"

ደነገጥኩ። ፉጨት? ይህች ሴት ፉጨቱን ከየት አወቀች? እማማ ትርፌ ቀጠሉ። የማንጎውን ዛፍ አነሡ፣ ጥላው ማንን ይጠብቃል አሉ። ብስክሌቱን አነሡ፣ ከፊት የምትቀመጠውን ትንሽ ልጅ አነሡ። ሁለት አጭርና አንድ ረዥም ፉጨት የካ ድረስ አይሰማም ወይ ብለው ጠየቁ። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ተቀበሉ። ካብዌን በካርታ እንኳ የማያውቁ ሴቶች የአባቴን ኑሮ አንድ በአንድ እየጠሩ ያለቅሳሉ። በመጨረሻ እንዲህ አሉ፦

"አልጋሽ አለ ብሎ የሸኛትን ልጅ፣
ለየካ ሰጣት ወይ ለማያውቀው ደጅ።"

ሰናይትን ፈለግኋት። በር ጥግ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ ታለቅስ ነበር። ያኔ ገባኝ። ትራሷን ይዛ የመጣችው፣ ረዥም ናቸው አጭር ብላ የጠየቀችኝ፣ ከአጠገቤ ተነሥታ በጨለማ የወጣችው ለዚህ ነበር። አባቴ ማንም የማያውቀው ሰው ሆኖ እንዳይለቀስለት። ፈረንጅ ሞተ ተብሎ ብቻ እንዳያልፍ።

ረፋዱ ላይ ሙሌንጋ ደወለ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግሁ የእኛን ሰዎች መዝሙር ሰማሁ፤ አባቴን ሊያወጡት ነው። ከዚያ እሱ አዳመጠና "ያ ድምፅ ምንድን ነው? ማነው የሚያለቅሰው? እዚያ የእኛ አገር ሰዎች አሉ እንዴ?" አለኝ።

"የሉም" አልኩት። "ጎረቤቶቼ ናቸው።"

"ለአባባ ነው የሚያለቅሱት?"

"ለአባባ ነው።"

ስልኩን ወደ ድንኳኑ አዞርኩት። እሱም የእሱን ወደ ሰዎቹ እንዳዞረ አውቃለሁ፣ ምክንያቱም መዝሙሩ ጎላ ብሎ ተሰማ። ካብዌና የካ በአንድ ቀጭን ሽቦ ላይ ለአንድ ሰው አለቀሱ። ከዚያ ሙሌንጋ "እንግዲያው ብቻሽን አይደለሽም" ብሎ ዘጋው።

ያን ቀን ምንም አልቀመስኩም። ወደ ማታ እትዬ አስካለ አጥሚት ይዘው መጡ፤ ራሴን ነቀነቅሁ። ደግመው ሰጡኝ፤ ፊቴን አዞርኩ። በዚህ ጊዜ ድምፃቸው ተለወጠ።

"አንቺ! ምን ያለሽ ግትር ነሽ! ራስሽን ልትገዪ ነው? ተነሺ፣ ቀጥ በይ፣ ጠጪ! ከሰናይት የባስሽ ነሽ እንዴ?"

ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩና ጠጣሁ። እንባዬ አጥሚቱ ውስጥ ይወርዳል፤ ግን እየሳቅሁ ነበር መሰለኝ፣ ሴቶቹ ግራ ተጋብተው ያዩኝ ነበር። ሐዘኑ እስኪበርድ ድረስ እትዬ አስካለ ሌሊት ሌሊት ከእኔ ጋር ወለሉ ላይ፣ አንድ ፍራሽ ላይ ተኙ።

ሻንጣዬን ማን እንደፈታት አላውቅም። ወደ ክፍሌ ስመለስ ልብሴ ተጣጥፎ ቦታው ገብቷል። አገሬ የሄድኩት ክረምት ላይ ነው፤ የአባቴን መቃብር አይቼ፣ ፊሽካውን ከሙሌንጋ ተቀብዬ ተመለስኩ። አልጋዬ እንዳለ ነበር፤ ማንም አልተኛበትም። አንድ ሳምንት ተኛሁበትና ለሙሌንጋ ልጅ ሰጠኋት።

አንባቢዎቼ፣ ልማዱ ትክክል ነው ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ እስከ ዛሬ እከራከራለሁ። ወሬው የእኔ ነበር፤ ሙሌንጋም ለዓመታት ሰናይትን ይቅር አላላትም። አውሮፕላኑ ዓርብ ማታ ቢኖርና ቢደብቁኝ ኖሮ ምን እሆን ነበር እያልኩ አስባለሁ። ግን ሰው በሰው አገር ቤት አገኘሁ የሚለው መቼ ነው ብትሉኝ፣ ምግቡን ሲለምድ ወይ ቋንቋውን ሲችል አይደለም እላችኋለሁ። የአገሩ ሰዎች የማያውቁት የእናንተ ሙት በስሙ ሲለቀስለት ነው። እናንተም ስታጠፉ ሲቆጧችሁ ነው። የአንድ ሠፈር ሕዝብ እንዲህ ያለ ነገር ማንም ሳያዘው በአንድ ሌሊት አሰናድቶ ማደሩን ሳስብ ዛሬም እደነቃለሁ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ከዚያ ብዙ ዓመት በኋላ፣ እኔም የእድሩ አባል ሆኜ፣ ጋሽ ቶሎሳ አንድ ከሰዓት ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። የእትዬ አስካለ ታናሽ ወንድም አያት ሠፈር በሚኖርበት ቤት ድንገት ማረፉ ተሰምቷል። ሰናይት ከባሏ ጋር ክፍለ ሀገር ናት፤ እስክትደርስ ይነጋል። "ዛሬ ከእሷ ጋር የምታድሪው አንቺ ነሽ" አሉኝ። "የሚጠየቀውንም ታውቂዋለሽ።"

ምግብ ሠርቼ አቀረብኩ። አጎረስኳቸው። ሬዲዮኑን አጠፋሁ። ትራሴን ይዤ ገባሁና እንደ ቀልድ፣ ጣሪያውን እያየሁ፣ "እትዬ፣ ወንድምዎ ልጅ ሳለ ምን ዓይነት ነበር?" አልኳቸው።

እትዬ አስካለ ዞር ብለው አዩኝ። ረዥም አዩኝ። ይህን ልማድ ለእኔ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ምን እንደጠየቅኋቸው ያውቁታል። እንደሚያውቁም አወቅሁ። ይጮኻሉ ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

አልጮኹም። እጄን ያዙ፣ ብርድ ልብሱን ወደ እኔ ሳብ አደረጉልኝ።

"ልጅ ሳለ" አሉ፣ "ፈረስ ይወድ ነበር።" እስኪነጋም ስለ ወንድማቸው አወሩልኝ።